ፒኤችዲን እንዴት መጨረስ ይቻላል? ከደሴ

ደሴ ውስጥ ፒኤችዲ የሚማር ሰው ካገኙ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብለው አይጠይቁት። በተለይ አራተኛው ዓመት ካለፈው። በወረቀት አራት ዓመት ነው፤ እኔ ግን እያስተማርኩ ስለተማርኩ አልፌዋለሁ። ያዘገየኝ ደግሞ የትምህርቱ ክብደት ብቻ አልነበረም። ያልተስተካከለ ረቂቅ ማሳየት ማፈሬ ነው።

መጀመሪያ ርዕስዎን ያጥብቡ። «የወሎ አርሶ አደር ኑሮ» ርዕስ አይሆንም። ሁለት ቀበሌ፣ አንድ ሰብል፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ጎረቤት ቡና ሲጠሩዎት ጥያቄዎን ያስረዱ። አቦሉ ሳያልቅ ካልገባቸው ገና አልጠበበም።

ቀጥሎ አማካሪ። ስሙ መግነኑ ብቻ አይበቃም። ረቂቅ በስንት ጊዜ እንደሚመልስ የቀድሞ ተማሪዎቹን ይጠይቁ። በወር አንድ ቀን ቀጠሮ ይቁረጡ፤ በማግስቱ የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል ይላኩለት። እኔ ስድስት ወር ሸሽቻለሁ። «ምዕራፉ ትንሽ ይስተካከል» እያልኩ። አማካሪዬ ለሥራ ደሴ መጥቶ ፒያሳ ላይ ከሩቅ ሳየው መንገድ ተሻገርኩ! በመጨረሻ ረቂቁን ስልክለት የመጀመሪያዎቹን 12 ገጾች በአንድ መስመር ሰርዞ «ይሄ አያስፈልግም» ብሎ መለሰው። ስድስት ወር ሳሳምር የከረምኩት እነዚያኑ ገጾች ነበር።

ሦስተኛ፣ የመጻፊያ ሰዓት ይያዙ። ኮምቦልቻ አስተምሬ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለማንበብ ሞክሬ ነበር። የሀረጎ ጠመዝማዛ ግን ሆድ ያገላብጣል። የሠራልኝ ማለዳ ነው፤ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ጋቢ ደርቤ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ትቼ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ጋቢውን ይረዳኛል። ብቻዎን ከሰነፉ ሁለት ጓደኛ ይያዙ። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኝ ነበር፤ ገጽ ሳይጽፍ የመጣ ሻይ ይከፍላል።

ዳታ ለመሰብሰብ የሥነ ምግባር ፈቃድ (ጥናቱ የሚጠየቁትን ሰዎች እንደማይጎዳ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ) የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማመልከቻውን ቀድመው ያስገቡ። ደብዳቤው ሳይደርስ መጠይቅ አይበትኑ።

የሰበሰቡትን ደግሞ ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፦ ላፕቶፕ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ። አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን። ይሄን የምለው ለወግ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ቢሮ ተዘረፈ። የእኔም ኮምፒውተር ሄደ። ያተረፈኝ አዲስ አበባ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ የተውኩት ሃርድ ዲስክ ነው።

የጆርናል ጽሑፍን ለመጨረሻ አያቆዩ። ከዲፌንስ፣ ማለትም ጥናትዎን በፈታኞች ፊት ቀርበው ከሚያስረዱበት ቀን፣ በፊት የታተመ ጽሑፍ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ግምገማው ደግሞ ወራት ይፈጃል። የመጀመሪያው ውጤት እንደተገኘ ይላኩ። «ክፈሉና በሳምንት እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣልዎ ሳይከፍቱ ይሰርዙት።