ቃል አፋችሁ ላይ ደርሶ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ሥራዬ ሐዋሳ ውስጥ ስልጠና መስጠት፣ ማለትም ሰው ፊት ቆሞ ማውራት ነው። ሰልጣኞቼም ጎልማሶች ናቸው፤ ሐሳቡን ይዘው ቃሉን ሲያጡ በየጊዜው አያለሁ። «አፌ ላይ መጥቶ ጠፋብኝ» ይላሉ። አብዛኞቹ «አረጀሁ መሰለኝ» ብለው ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ግን የምር ይደነግጣሉ። ስለዚህ ከሚያስደነግጠው ልጀምር።

ቃል የጠፋው በድንገት ከሆነ ጽሑፉን ማንበብ አቁሙ። አሁን ደህና ሲያወራ የነበረ ሰው ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ የማይገናኝ ነገር ከተናገረ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም አንድ እጁ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ይረፍ» ብሎ ማስተኛት የለም፤ ሊያንቀው ስለሚችል ውሃም አይሰጠውም፤ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ነው። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ባሉት አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ቢጠፋም መሄድ አይቀርም።

ቀስ በቀስ በወራት እየባሰ የመጣ ከሆነ፣ በተለይ ሰውየው የጠፋበት የዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን ዕቃው ለምን እንደሚያገለግልም ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ቃል ያስጠፋሉ፤ እነዚህ መፍትሔ አላቸው።

የቀረው የሁላችንም ነው። አእምሮ የአንድን ቃል ትርጉምና ድምፁን ለየብቻ ያስቀምጣል። ስንናገር መጀመሪያ ትርጉሙ ይነሳል፣ ከዚያ ድምፁ ይከተላል። ብዙ ያልተጠራ ቃል ከድምፁ ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ ዕድሜም ያላላዋል። የሰው ስም ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሰውየው ሸማኔ መሆኑን ከጋቢው፣ ከመወርወሪያው፣ ከሰፈሩ ጋር አያይዛችሁ ታስታውሳላችሁ። ታደሰ መባሉ ግን ከምንም ጋር አይያያዝም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንምጣ። እንግዳ ይዛችሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ሄዳችኋል እንበል። እንግዳው ያንን ራሰ በራ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ግዙፍ ወፍ እያሳየ «ይሄ ምን ይባላል?» አለ። ታውቁታላችሁ። ግን የሚመጣው «ጥንብ አንሳ» ነው። አይደለም። እንደገና ታስባላችሁ፤ አሁንም ጥንብ አንሳ። ዓይን ይጨፈናል፣ ግንባር ይመታል፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ መታገል ራሱ ይጎዳል። በፈረንጆቹ 2008 በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዋሪነርና ሃምፍሬስ፣ ይህን ፈትነውታል። ቃሉ አፋቸው ላይ የተንጠለጠለባቸውን ሰዎች አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ 30 ሰከንድ አታግለው መልሱን ነገሯቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሲያነሱላቸው፣ ረጅም የታገሉባቸው ቃላት እንደገና የመጥፋት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። አእምሮ የሚለማመደው መልሱን ሳይሆን መሳሳቱን ነው ማለት ነው። ጥንብ አንሳን በደጋገማችሁት ቁጥር መንገዱን ለእሱ እየጠረጋችሁለት ነው።

ስለዚህ የተሳሳተው ቃል ሁለተኛ ሲመጣ እሱን ትታችሁ በድምፅ በኩል ግቡ። ረጅም ነው አጭር? በምን ይጀምራል? በፈረንጆቹ 1966 ብራውንና ማክኒል የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቃሉ የተንጠለጠለበት ሰው የመጀመሪያውን ፊደል ከግማሽ በላይ ጊዜ በትክክል ይገምታል። ግምታችሁን እመኑት። ግምት ከሌላችሁ ፊደሉን በልባችሁ ውረዱት፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ እያላችሁ። የምትፈልጉት ድምፅ እንጂ የጽሕፈት ፊደል ስላልሆነ ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን ዝለሏቸው። አ ላይ ስትደርሱ «አባ...» ይላል አፋችሁ፤ ከዚያ «አባ ኮዳ!»

በፊደሉ አንድ ዙር ካልመጣ ግን በቃ፤ ዓሣ አቅራቢውን ጠይቁት። ወይም ስልክ አውጥታችሁ ፈልጉ። «ስልክ አእምሮን ያደነዝዛል» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት ከመታገል ስልኩ ይሻላል ባይ ነኝ። መልሱ እንደተገኘ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ቃሉን ጮክ ብሎ መጥራት። «አሃ፣ እሱ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አባ ኮዳ በሉ፤ ለእንግዳው በዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ ስትወጡም አንድ ጊዜ ጥሩት።

ሐዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው እያንዳንዱን ቋንቋ የሚጠቀምበት ጊዜ ስለሚከፋፈል ቃል ቶሎ ይንጠለጠልበታል። ይህ ችግር አይደለም። ቃሉ በሲዳምኛ ከመጣ በሲዳምኛ በሉትና ቀጥሉ፤ ከተሰብሳቢው አንዱ በአማርኛ ይመልሰዋል። የሚያናድደኝ «እንትኑን ከእንትኑ ጋር እንትን አድርገው» የሚለው ነው፤ ሰሚውን ያደክማል፣ ተናጋሪውንም ከፍለጋ ያሰንፈዋል። «ውሃ የሚቀዳበት፣ እጀታ ያለው» ማለት ይሻላል፤ ገለጻው ራሱ ቃሉን ሊጎትት ይችላል።

«የማስታወሻ ኪኒን» እየተባለ በሚሸጠው ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ጊንኮ የሚባለው ቅጠል አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን እንዳልተከላከለ በፈረንጆቹ 2008 ታትሟል። በአንጻሩ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጥናት በፈረንጆቹ 2018 እንዳገኘው፣ የአካል ብቃታቸው የተሻለ አረጋውያን ቃል አፋቸው ላይ የሚንጠለጠልባቸው ጊዜ ያነሰ ነው። የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ደግሞ ነፃ ነው።

የሰው ስም ሲጠፋስ? ታላቅ ከሆነ ጋሼ፣ እትዬ ማለት ለጊዜው ያወጣል። «ስልክዎን በሙሉ ስም ልመዝግበው፣ የአባት ስም ማን ነበር?» የሚለው ዘዴም ይሠራል፤ ግን አንድ ሰውዬ «የራሴንስ ታውቀዋለህ?» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። መድረክ ላይ ከሆናችሁ ዘዴ አትመኑ። የእንግዶቹን ስምና ማዕረግ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል በትልልቁ ጻፉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ስሞቹን አንድ ጊዜ በድምፅ አንብቡ፤ ወረቀቱንም ኪሳችሁ ውስጥ ሳይሆን ማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀምጡት።