ምድር በረዶ ስለለበሰችበት ዘመን ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ነጋሽን ብዙ ሰው የሚያውቃት በጥንታዊው መስጊዷ ነው። እዚያው ከውቅሮ በላይ ግን ሌላም ታሪክ አለ። በረዶ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ በደረሰበት ዘመን የተከማቸ ድንጋይ ከነጠጠሩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። በጣም የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ሲወራ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ አንዳንድ ስህተት ግን ይደጋገማል።

አንደኛው፣ ሁሉንም «የበረዶ ዘመን» ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው። የሰሜንና የባሌ ተራሮች አናት ላይ የነበረው በረዶ ዕድሜው በአስር ሺዎች ዓመታት ነው የሚቆጠረው። የነጋሹ ወደ 700 ሚሊዮን ይጠጋል። ትግራይ ውስጥ እዳጋ አርቢ አካባቢ ያለው ደግሞ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ጎንድዋና የምትባለው ታላቅ አህጉር ለደቡብ ዋልታ በቀረበችበት ጊዜ የመጣ ነው፣ ያኔም ምድር ሁሉ አልቀዘቀዘችም።

ትንሽና ትልቅ ድንጋይ በጭቃ የተቀላቀለበትን አለት ባየን ቁጥር «በረዶ ነው ያመጣው» ማለትም ያሳስታል። የጭቃ ናዳም እንዲሁ ያደርጋል። በረዶ እየጎተተ የጫራቸውን ጠጠሮች ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ ነው፦ እንደ ወረቀት በሳሱ የደቃቅ ጭቃ ንብርብሮች መሃል አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከሥሩ ያሉትን ንብርብሮች ወደ ታች ተጭኗቸው ታያላችሁ። ደቃቅ ጭቃ የሚረጋበት ፀጥ ያለ ውሃ ያን የሚያህል ድንጋይ ገፍቶ አያመጣም። ተንሳፋፊ በረዶ ተሸክሞት መጥቶ ሲቀልጥ ጣለው።

ሌላው፣ ድንጋዩ ዛሬ ያለበትን ቦታ የድሮ ቦታው አድርጎ ማሰብ ነው። አህጉራት ይጓዛሉ። የድሮውን ቦታ የሚነግረን አለቱ ሲሠራ የምድርን ማግኔት አቅጣጫ ይዞ የቀረው ማግኔት ነው፤ የምድር ማግኔታዊ መስመር ምድር ወገብ አካባቢ ይተኛል፣ ዋልታ ላይ ይቆማል። በደቡብ አውስትራሊያ ኤላቲና በሚባሉት የበረዶው ዘመን አለቶች ውስጥ መስመሩ የተኛ ሆኖ ተገኘ። ማለትም በረዶው ምድር ወገብ አጠገብ፣ ያውም ተራራ ላይ ሳይሆን በባሕር ጠለል ደረጃ ነበር። የሥነ ምድር ተመራማሪው ብራያን ሃርላንድ በ1964 በረዶው ዓለም አቀፍ ነበር ብሎ ተከራከረ፣ ሌላው ተመራማሪ ጆሴፍ ኪርሽቪንክ ደግሞ በ1992 «የበረዶ ኳስ ምድር» የሚለውን ስም አወጣለት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

የበረዶውን ደለል አይቶ ቀና ሳይሉ መሄድስ? ከላዩ ያለውን ተመልከቱ። ናሚቢያን ጨምሮ በብዙ አገር ደለሉ ላይ በቀጥታ የኖራ ድንጋይ ተጋድሟል፣ ይሄ ደግሞ በአብዛኛው ሞቃት ባሕር የሚሠራው ነው። እንዴት? እሳተ ገሞራዎች በበረዶው ዘመንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፉ ነበር። አለቱን አጥቦ ጋዙን ከአየር የሚቀንስ ዝናብ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ጋዙ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተጠራቀመ፣ በመጨረሻ ሙቀቱ በረዶውን አቀለጠው፣ ከዚያ ዝናቡ አለቱን እያሟሟ ወደ ባሕር ወሰደው፣ ኖራውም ረጋ።

«ያኔ ሕይወት ጠፍቶ ነበር» የሚሉም አሉ። አልጠፋም፣ አልጌዎች ተርፈዋል። ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር ወይስ ክፍት ውሃ ነበር የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

ደግሞ በመልክ ብቻ ዕድሜ አትስጡ። ሁለት ታላላቅ ቅዝቃዜዎች ነበሩ፣ የመጀመሪያው ከ717 እስከ 660 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቆየ፣ ሁለተኛው ከ635 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃ፤ ደለላቸውም ይመሳሰላል። የሚለያቸው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለች ዚርኮን የምትባል ደቃቅ ማዕድን ናት። በውስጧ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፣ መጠኑ ሲለካ ዕድሜው ይታወቃል። ለመጀመሪያው ቅዝቃዜ መነሻ ጠንካራ ማስረጃ ከሰጡት አመዶች መካከል ትግራይ ውስጥ ከተምቤን አለቶች የተወሰዱት ይገኙበታል።