ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የት እንደሚያድር ወስኑ

አዲስ አገር ገብታችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ መኪና የግድ ሲሆን አንዱ ወዳጅ መጥቶ «ኤሌክትሪክ ግዙ፣ ነዳጅ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «አንዴ ከተሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አደርገዋለሁ። አንደኛው መኪናው የት ያድራል የሚለው ነው። ከሶኬት አጠገብ የሚያድር ትንሽ ባትሪ፣ መንገድ ዳር ከሚያድር ትልቅ ባትሪ ያነሰ ራስ ምታት አለው።

ሂሳቡን እንየው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ መጠን) አካባቢ ይበላል። 230 ቮልት ባለበት አገር ተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.3 ኪሎዋት ይሰጣል። ማታ ሰክታችሁ ለ10 ሰዓት ካደረ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ጠዋት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ታገኛላችሁ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነው የሚደርሰው። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሁለቱም ይበቃሉ። ግድግዳ ላይ የሚተከለው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካለማ ጭራሽ ጣጣ የለውም።

ተከራይ ከሆናችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሽቦው ያረጀ ቤት ከሆነ ኤሌክትሪሻን ይየው። ሌሊቱን ሙሉ በተራ ኤክስቴንሽን ገመድ መሙላት ደግሞ አይሞከርም፤ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ከባድ ኃይል የሚያልፍበት ገመድ ይግላል፣ እሳትም ያመጣል።

አሁን ወደ ርቀቱ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር የሚወሰነው በመለኪያው ነው። ባትሪው 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ኒሳን ሊፍ ውሰዱ። በ2017 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ በአገሩ መለኪያ 400 ኪሎ ሜትር ተባለለት። በአውሮፓው ደብሊው ኤል ቲ ፒ 270 ሆነ። በአሜሪካው ኢፒኤ ደግሞ 243 ገደማ። መኪናው ያው ነው! ስለዚህ ሁለት መኪና ስታወዳድሩ ቁጥሮቹ በአንድ መለኪያ የወጡ መሆናቸውን አረጋግጡ። የቻይናው ሲ ኤል ቲ ሲም ቁጥር ማብዛት ይወዳል። አንዳንድ አገር ደግሞ በማይል ስለሚጻፍ በ1.6 ማባዛት አትርሱ።

ከዚያ ብርዱ አለ። ብርድ ያለበት አገር ከገባችሁ ይህን በደንብ አስቡበት። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፣ የመኪናውን ውስጥ ማሞቅም ከዚያው ባትሪ ነው። በከባድ ብርድ ሲሶውን ርቀት ማጣት የተለመደ ነው፤ ሀይዌይ ላይ በፍጥነት ስትነዱ ደግሞ ሌላ ይቀነሳል። በፈጣን ቻርጀር ስትጓዙ ከ10 እስከ 80 በመቶ ባለው መሃል ነው የምትጠቀሙት፣ ምክንያቱም ከ80 በላይ መሙላቱ በጣም ይዘገያል። እንግዲህ የሊፉ 270 በብርድ 180 ሆነ፣ ከሱ 70 በመቶው 125 ገደማ ነው። ረጅም መንገድ ላይ ከጣቢያ ጣቢያ የምትተማመኑበት ይህንን ነው። ሂት ፓምፕ (ባነሰ ኃይል የሚያሞቅ መሣሪያ) ያለው መኪና ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ የወንበር ማሞቂያም ውስጡን ሁሉ ከማሞቅ በጣም ያነሰ ይበላል። ከመውጣታችሁ በፊት እንደተሰካ ማሞቅ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

መንገድ ዳር የሚያድር መኪና ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ዋናው ቁጥር መኪናው በስንት ኪሎዋት ይቀበላል የሚለው ነው። ጣቢያው ላይ 150 ተጽፎ ስታዩ አትደሰቱ፣ ወሳኙ መኪናው ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሸቭሮሌት ቦልት ከ55 ኪሎዋት በላይ አይቀበልም፤ ባትሪው ትልቅ ስለሆነ 80 በመቶ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆማላችሁ። ባለ 42 ኪሎዋት ሰዓቱ ፊያት 500ኢ እስከ 85 ይቀበላል፣ በግማሽ ሰዓት ትንሽ አልፎ 80 ይደርሳል። የቱ ይሻላል? ረጅም መንገድ ለሚነዳ ቦልት፣ ከተማ ውስጥ ለሚዞርና ለመጠበቅ ጊዜ ለሌለው ፊያት። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሬኖ ዞዪን የሚያህል ለመንገድ ዳር የሚሆን መኪና ጥቂት ነው፤ ብዙ ቦታ የሚገኙት ባለ 22 ኪሎዋት ተራ የመንገድ ቻርጀሮች ላይ ብዙው ዞዪ ሙሉውን 22 ሲወስድ ባለ 40ው ሊፍ እዚያው ተሰክቶ 6.6 ብቻ ይወስዳል። ገበያ ገብታችሁ እስክትወጡ ልዩነቱ ይታያል።

ያገለገለ ስትገዙ ሽፋኑን ከፍታችሁ መሰኪያውን በዓይናችሁ እዩ። ዞዪም ሆነ የድሮው ቦልት ፈጣን ቻርጅ በተጨማሪ ክፍያ የሚመጣ ነበር፣ ስለዚህ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ከላይኛው መሰኪያ ሥር ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ካሉ ሲሲኤስ የሚባለው የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ አለው፣ ከሌሉ የለውም። የድሮው ሊፍ የሚጠቀመው ሌላው የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ፣ ቻዴሞ፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እየቀረ ነው፣ አዳዲስ ጣቢያዎች ብዙም አይተክሉትም። የድሮው ሊፍ ባትሪ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም፤ በአንድ ቀን ደጋግማችሁ በፈጣን ብትሞሉት ይግልና መቀበያውን ይቀንሳል። እንዲህም ሆኖ ቤት ለሚሞላና ከከተማ ለማይወጣ ሰው ጥሩ መኪና ነው፣ ርካሽ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። አውሮፓ ውስጥ የተሸጡ ብዙ የድሮ ዞዪዎች ባትሪያቸው በኪራይ ነበር። መኪናውን ትገዙና በየወሩ የባትሪ ኪራይ ይከተላችኋል። ባትሪው አብሮ መሸጡን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

የባትሪው ጤንነትም ይታይ። የድሮው ሊፍ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩ 12 መስመሮች አሉት፣ ስንቱ እንደቀረ ቁጠሩ። ለሌሎቹ መኪናው ላይ ተሰክቶ መረጃውን የሚያነብና ስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኦቢዲ መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ሻጩ ሪፖርት ያምጣ። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፣ ስለዚህ የቀረውን ጊዜ ጠይቁ።

ለሙከራ ስትነዱት ደግሞ ሰፈራችሁ ወዳለው የሕዝብ ቻርጀር ውሰዱትና ሰኩት። ምን ያህል ኪሎዋት እንደሚገባ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ መተግበሪያውና የባንክ ካርዳችሁ መሥራታቸውንም እዚያው ታውቃላችሁ። ሻጩ «ለዚህ ጊዜ የለኝም» ካለ ሌላ መኪና እዩ።