በሬዚደንሲ ማመልከቻ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ከሚገኙት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ወረፋ ስጠብቅ፣ ለአሜሪካ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ የምታመለክት አንዲት ወጣት ሐኪም የሪኮመንዴሽን ደብዳቤዋን እንድመለከትላት ሰጠችኝ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው ደብዳቤ «ዶ/ር እገሊት በሆስፒታላችን በጠቅላላ ሐኪምነት ሲያገለግሉ የቆዩ መሆኑን እያረጋገጥን፣ ከደመወዛቸውም ተገቢው የሥራ ግብር ሲቆረጥ የነበረ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ቁጥሩና ቀኑ ተሟልቷል፤ ክቡ ማህተም ፊርማው ላይ በልኩ አርፏል። ሐኪሟ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንዴት ያለች እንደሆነች ግን አንድ ቃል የለበትም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው የሥራ ልምድ ማስረጃን ከሪኮመንዴሽን ጋር ማምታታት ነው። በእኛ የመሥሪያ ቤት ልማድ ደብዳቤ የሚጻፈው ለማረጋገጥ ነው። የሬዚደንሲ ፕሮግራም ኃላፊ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ሐኪም በዓይኑ ያየውን እንዲመሰክር ነው፦ በየትኛው ክፍል ለስንት ሳምንት አብረው እንደሠሩ፣ አመልካቿ ተረኛ በሆነችበት ሌሊት ሕመሙ የጠናበት ሰው ሲገጥማት ምን እንዳደረገች፣ ከዚህ ቀደም ካሠለጠናቸው ጋር ሲያነጻጽራት የት እንደሚያስቀምጣት።

ከዚሁ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት ባለ ሹመት ፈራሚ ፍለጋ ነው። የአመልካቹን ስም እንኳ የማያስታውስ ዲን ከሚጽፈው ሦስት መስመር፣ አብሮት ያደረ ስፔሻሊስት የሚጽፈው አንድ ገጽ ይበልጣል። ከአሜሪካ ሆስፒታል የተገኘ ደብዳቤ ክብደት እንዳለው አይካድም፤ እዚያም ቢሆን ጥግ ቆሞ ያየና ገብቶ የሠራ ሰው ደብዳቤ እኩል አይነበብም።

ረዘም አድርጌ ላነሳው የምፈልገው «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚባለውን ነው። ፕሮፌሰሩ ጊዜ የላቸውም፤ ተማሪውም እንቢ ለማለት አይደፍርም። እኔም በተራዬ ሁለት ደብዳቤዎችን በራሴ እጅ ጽፌ አስፈርሜያለሁ፤ ሁለቱም «ታታሪ፣ ቅንና ትሑት» ብለው እንደሚጀምሩ አንድ ወዳጄ ጎን ለጎን ዘርግቶ እስኪያሳየኝ ድረስ አላስተዋልኩም ነበር። አንባቢን ማታለል መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ወይ ያፍራል ወይ ያጋንናል፤ መምህሩ የሚያስታውሱትን ነገር ግን ሊያውቀው አይችልም። ይልቁንስ ከሲቪው ጋር አንድ ገጽ ማስታወሻ ይሰጣቸው፦ አብረው የሠሩበት ጊዜና ክፍል፣ አብረው ያከሟቸው ሁለት ወይም ሦስት ሕመምተኞች ጉዳይ ስማቸው ሳይጠቀስ፣ የሚያመለክትበትም የስፔሻሊቲ ዘርፍ ይግባበት። አረፍተ ነገሩን እሳቸው ይጻፉት።

የተጻፈውን ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም አይጠቅምም። አብዛኛው ማመልከቻ በሚያልፍበት፣ ኢራስ በሚባለው የኢንተርኔት ማመልከቻ ሥርዓት ደብዳቤውን የሚጭነው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ አመልካቹ የሚያዘጋጀው ለዚያ ደብዳቤ ብቻ የተሰጠ መለያ ያለበትን የመጠየቂያ ቅጽ ነው። ደብዳቤውን የማየት መብቱን ይተው እንደሆነም ይጠየቃል፤ ካልተወ ደብዳቤው የሚኖረው ተአማኒነት ይቀንሳል። ለአንድ ፕሮግራም መመደብ የሚቻለው እስከ 4 ደብዳቤ ነው። «ኢሜይል ልኬላቸዋለሁ» ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ ደብዳቤው መድረሱን በሥርዓቱ ላይ እያዩ፣ ሲዘገይም በአክብሮት ደውሎ ማስታወስ ይገባል።

ከሰነዶች በኩል ብዙ መዘዝ ያለው የስምና የዘመን ነገር ነው። በፓስፖርቱ ላይ «ገብረ» በአንድ ቢ፣ በዲፕሎማው በሁለት ቢ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንዱ የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም። ይህ ማመልከቻው ከመጀመሩ በፊት መስተካከል አለበት። ትራንስክሪፕቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጸ ደግሞ፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ማለትም በፈረንጆቹ 2022 የተመረቀ ሐኪም ለአሜሪካዊው አንባቢ ከተመረቀ ስምንት ዓመት የጨመረ ሆኖ ይታያል፤ የምረቃ ዓመት ገደብ የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች መኖራቸውን ላሰበ ይህ ቀላል አይደለም። በማህተም ላይ ማህተም ለማስመታት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚከርምም አለ። ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚመረምረው ኢሲኤፍኤምጂ ግን ዲፕሎማን የሚያጣራው በቀጥታ ከተማሩበት የሕክምና ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ያ ጊዜ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ ቢውል ይሻላል።

ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማንበብ የሚጀምሩት በመስቀል ሰሞን ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጳጉሜንና ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥማሉ፤ ፈራሚው ፈቃድ ላይ፣ ማህተም ያዧም አገር ቤት ልትሆን ትችላለች። ደብዳቤ በሰኔ ይጠየቅ።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርታለች። የጽሕፈት ቤቶቻችን ወረቀት ሁሉ ኤ ፎር ነው፤ ኢራስ የሚቀበለው የገጽ መጠን ግን 8.5 በ11 ኢንች ነው። የኤ ፎር ቁመት 11.7 ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ ሳያመጣጥኑ ስካን ሲያደርጉት የሚቆረጠው ግርጌው፣ ማለትም ፊርማው ያለበት ቦታ ነው።