ወደ ኋላ ባዘመመ ክንፍ ላይ ሻካራነት የሚያደርሰውን በናፍታሊን ማየት

ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚበር አውሮፕላን ክንፉ ብዙ ጊዜ በጣም ወደ ኋላ ያዘመመ ነው። በማክ 2 (በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ) ከ60 ዲግሪ በላይ ካላዘመመ፣ ለፊት ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚመጣው የፍሰቱ ክፍል ራሱ ከድምፅ ይፈጥናል። ማዝመሙ ግን ዕዳ አለው፤ ክንፉን ተጠግቶ በሚያልፈው ስስ የአየር ንብርብር ውስጥ ክሮስፍሎው የሚባል የጎን ፍሰት ይፈጠራል። ይህ ፍሰት ያልተረጋጋ ስለሆነ ለስላሳውን ንብርብር ወደ ሁከት ይለውጠዋል፤ የፊት ጠርዙ ሻካራነትም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የማክ ቁጥር መጨመር ይህን ብዙም ስለማያረጋጋው፣ ሱፐርሶኒክ (ከድምፅ የፈጠነ) ዊንድ ተነል፣ ማለትም የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ፣ በሌለበትም ዋናውን ነገር በዝግታ ፍጥነት ማየት ይቻላል።

45 ዲግሪ ያዘመመ፣ ኮርዱ (ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ያለው ስፋት) 1 ሜትር የሆነ ሞዴልና በሰከንድ 40 ሜትር ንፋስ ይበቃል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ25 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍጋት 0.95 ኪ.ግ በሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ሬይኖልድስ ቁጥሩ (የአየሩ ግስጋሴ ከዝልግልግነቱ ጋር ያለው ንጽጽር) ባሕር ጠለል ላይ 2.6 ሚሊዮን የሚሆነው እዚህ 2.1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለማነጻጸር ፍጥነቱን በሩብ ጨምሩ። ሞዴሉን ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሉት። ግፊቱ እስከ ኮርዱ 70 በመቶ ድረስ እየቀነሰ ካልሄደ ሌላ ዓይነት አለመረጋጋት ይቀላቀልበታል።

የፊት ጠርዙን በ400፣ 800፣ 1200 እና 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ፈትጉ። የመጨረሻው ፍተጋ በጠርዙ ርዝመት ይሁን፤ በኮርዱ አቅጣጫ የቀረ ጭረት ክሮስፍሎውን ይቀሰቅሳል።

ከዚያ ሻካራነቱን ሆን ብለን የምንፈጥርባቸው ነጠብጣቦች። ከካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር (ውፍረቱ 0.05 ሚ.ሜ ገደማ) በቆዳ መብሻ 2 ሚ.ሜ ክቦች ቁረጡና ከጠርዙ 23 ሚ.ሜ ላይ፣ በ7 ሚ.ሜ ርቀት ደርድሩ። በነጠብጣቡ ቁመት የሚሰላው ሬይኖልድስ ቁጥር በግምት 16 ብቻ ነው፤ ፍሰቱን እዚያው ለመስበር 600 ገደማ፣ ማለትም ወደ 0.3 ሚ.ሜ ቁመት ያስፈልግ ነበር። ነጠብጣቦቹ የሚጎዱት በቁመታቸው ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ርቀት ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ሳሪክና ባልደረቦቹ 6 ማይክሮን ብቻ የሆኑ ነጠብጣቦችን በ12 ሚ.ሜ ሲደረድሩ ፍሰቱ ቀድሞ ታወከ፤ በ8 ሚ.ሜ ሲደረድሩ ግን ጭራሽ ዘገየ። እናንተም በ4.7 ሚ.ሜ ድገሙት።

ጥቁር በተቀባው ገጽ ላይ 10 ግራም ናፍታሊን በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙታችሁ እርጩ። ለብል ልብስ መሃል የሚቀመጠው ኳስ ይሆናል፤ እሽጉ ላይ ናፍታሊን መሆኑን ግን አረጋግጡ። የፊቱን 10 በመቶ አትርጩበት፣ ርጩቱ ራሱ ሻካራ ነውና። አሴቶን ተራ ቀለምንና ፎምን ይበላል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጭምብል አድርጋችሁ ሥሩ። መስኮቱን ግን ሳይመሽ ዝጉት፤ ጣና ዳር ማታ መብራት ላይ ከሚሰፍረው ትንኝ አንዱ ጠርዙ ላይ ከተጨፈለቀ ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጠርዙን ብናኝ በማይለቅ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ።

ነጩ ናፍታሊን የአየሩ ግጭት በበዛበት፣ ማለትም ፍሰቱ በታወከበት፣ ቶሎ ይተናልና ጥቁሩ ቀለም ይታያል። እኩል የተራራቁ ነጭ መስመሮችና እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ መጨረሻ ካያችሁ ክሮስፍሎው ነው። ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ጥቁር ሽብልቅ ትንኝ ወይም አቧራ ነው። መስመር ሳይታይ ቀጥ ያለ ድንበር ከወጣ የዋሻው ንፋስ ራሱ የታወከ ሊሆን ይችላል፤ መዋዠቁ ከ0.2 በመቶ በታች መሆኑን ለኩ። ናፍታሊኑ ከክንፉ ሥር ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ደግሞ የዋሻው ግድግዳ ሁከት በፊት ጠርዙ ላይ ተጉዞ ገብቷል፤ ክንፉን ከግድግዳው ንብርብር አርቁት ወይም ጠርዙ ይበልጥ የሾለ ሞዴል ተጠቀሙ።