ለፍቅር ቀጠሮ የሥዕል ሙዚየም ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሥዕል ሙዚየም ለሁለት ሰዎች የተመቸ ነው፤ ወሬ ቢያልቅ ግድግዳው ወሬ ያቀብላል። ምሽቱ የሚበላሸው ጥንዶቹ ጉብኝቱን እንደ ግዴታ ሲወጡት ነው።

ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ መጣደፍ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ለትኬት የወጣው ገንዘብ ይቆጭና ከአዳራሽ አዳራሽ ሩጫ ይጀመራል፤ ብዙም ሳይቆይ ወገብ ይዝላል፣ ዐይን ይፈዛል፣ የሁለቱም ሐሳብ ወንበር ፍለጋ ላይ ይሆናል። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ጎብኚዎች አንድን ሥራ በአማካይ የሚያዩት ለ27 ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በዚህች ጊዜ አንዱ «ያምራል»፣ ሌላው «አዎ» ብሎ ከማለፍ በቀር ምን ይባባላሉ?

ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ብቻ መርጣችሁ ጊዜ ስጧቸው። በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ሠዓሊው ያን ቫን አይክ በ1434 የሣላቸው ባልና ሚስት አሉ፤ የአርኖልፊኒ ሥዕል በመባል ይታወቃል። መጀመሪያ ዐይን የሚይዘው የሴትየዋ አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ብዙ ተመልካች ነፍሰ ጡር ትመስለዋለች፤ እሷ ግን በዘመኑ ወግ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛው ነው። ቆየት ሲባል ከኋላቸው የተሰቀለው ጎበጥ ያለ ትንሽ መስታወት ይታያል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለው የጥንዶቹ ጀርባ፣ ከዚያም ወዲያ በሩ ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉበት። እነማን ናቸው? ምንስ ሊያደርጉ መጡ? እዚህ ላይ የማይጫወቱ ጥንዶች የትም አይጫወቱም።

መግለጫውን ማስቀደም

ከሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈው ጽሑፍ አይሸሽም። መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ገምቱ፣ ተከራከሩ፤ ከዚያ አንብቡት።

አስተማሪ መሆን

ከሁለቱ አንዱ ስለ ሥዕል የሚያውቅ ከሆነ አደጋው ይብሳል። የዘመናትን ስም መደርደር ቀጠሮውን ክፍል ያደርገዋል፤ ተማሪውም ሰዓት ማየት ይጀምራል። «ከዚህ ክፍል አንዱን ወደ ቤት ውሰጂ ብትባዪ የቱን ትመርጫለሽ?» የሚል ጥያቄ ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይሻላል። ያልወደዱትንም አልወደድኩትም ማለት ይቻላል፤ ሠዓሊው አይቀየምም።

ተጣብቆ መዞር

እጅ ለእጅ ተያይዞ ሁሉንም በአንድ ዐይን ማየት የፍቅር ግዴታ አይደለም። እዚያው ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው፣ ሃንስ ሆልባይን በ1533 የሣለው «አምባሳደሮቹ» ሁለት ቦታ መቆምን ይጠይቃል። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ከታች የተጋደመው ነገር ትርጉም የለሽ ነው፤ በስተቀኝ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በጎን ለሚያይ ግን የራስ ቅል ሆኖ ብቅ ይላል። አንዳችሁ እዚህ፣ አንዳችሁ እዚያ ቁሙና ያያችሁትን ተነጋገሩ።

ሰዓት ሳያጣሩ መሄድ

ብዙ ሙዚየሞች አምሽተው የሚከፍቱት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ናሽናል ጋለሪ ለምሳሌ ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይቆያል። የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው። የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው ሰዓት እንደሚቀድም፣ ለልዩ ዓውደ ርዕይም ብዙ ጊዜ ሰዓት የተቆረጠለት ሌላ ትኬት እንደሚያስፈልግ አትዘንጉ።

ጣትና ስልክ

ጣት ቀስሮ ሥዕሉን ሊነኩ እስኪደርሱ ማሳየት ጥበቃውን ያስሮጣል። ፍላሽም በአብዛኛው ክልክል ነው። አንዳንዱ ክፍል የሚደበዝዘውም ለፍቅረኞች ታስቦ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎችን ብርሃን ስለሚጎዳቸው መብራቱ ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ይደረጋል።

ተርቦ መግባት

እራቱን ከጉብኝቱ በኋላ ካደረጋችሁት ቀለል ያለ ነገር ቀምሳችሁ ግቡ፤ አዳራሽ ውስጥ መብላት አይፈቀድም። አዲስ ጫማም ለሌላ ቀን ይቆይ።