በፈረንሳይ ገጠር ቤት ጠብቆ በነፃ ለመቀመጥ ላሰቡ
ፈረንሳይን በአነስተኛ ወጪ ለማየት ለምትሹ፣ ባለቤቶቹ ለዕረፍት ሲሄዱ ቤታቸውንና እንስሶቻቸውን እየጠበቃችሁ ያለ ኪራይ መቀመጥ መልካም አማራጭ ነው። ሆኖም እንደ ዶርዶኝ ባሉ የገጠር አካባቢዎች ከመስማማታችሁ በፊት፣ በእኔ እምነት ከሁሉም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የመጓጓዣ ጉዳይ ነው፤ ብዙ የገጠር አውቶቡሶች በቀን ጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ትምህርት ቤት ክፍት በሆነባቸው ቀናት ብቻ ስለሚሠሩ፣ መኪና መከራየት ግድ ከሆነባችሁ በማደሪያ ያተረፋችሁት ገንዘብ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። ባለቤቶቹ መኪናቸውን የሚያውሷችሁ ከሆነም፣ ኢንሹራንሱ እናንተንም እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ። የመንደር ሱቆች እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብዙዎቹም ሰኞ ስለሚዘጉ፣ አስቤዛችሁን ቅዳሜ ሸምቱ። የውኃውን ዋና መዝጊያ ቦታና የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ቁጥር ደግሞ ባለቤቶቹ ከመሄዳቸው በፊት ተቀበሉ።